ያልተስማማንባቸው ፎቶዎች

ሁሉም ሲያጨበጭብ ሚሪያም ቀና ብላ ማየት አቃታት። አዳራሹ ግድግዳ ላይ በበራው የባሕር ካርታ፣ ከታች በደቡቡ ጥግ፣ እስከ ዛሬ ግራጫ ሆኖ የቆየ አንድ ጠባብ ቦታ አረንጓዴ ሆኗል። አረንጓዴ ያደረጉት እሷና አጠገቧ የተቀመጡት እማማ ደስታነሽ ናቸው። ጭብጨባውም ለእነሱ ነው።

እማማ ደስታነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉና አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን፣ ስማቸው የተጻፈበትን ባጅ ወደ ፊት አዞሩት። ባጁ መገልበጥ ይወዳል፤ እሳቸው ደግሞ አይፈቅዱለትም።

«ያ የእኛ ነው?» አሉ በአገጫቸው ወደ ግድግዳው እያመለከቱ።

«አዎ፣ እማማ። የእኛ ነው።»

«ቀለሙ ደስ ሲል።»

ሚሪያም ፈገግ ለማለት ሞከረች። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው፤ ድካሟ ግን የእናቷን ያህላል። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የታናሽ እኅቷን የሰሃርላን ጸጉር ጎንጉና፣ ቁርስ አብልታ፣ ባስ ላይ አሳፍራ ነው ትምህርት ቤት የሄደችው። ሰኞ ደግሞ የኬሚስትሪ ፈተና አለባት። ሁሉም ተደምሮ ግን እንደዚያች አረንጓዴ ቁራጭ አልከበዳትም።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ጠላቂዎች ባሕር ውስጥ ገብተው ያነሷቸው ፎቶዎች ከመብዛታቸው የተነሳ አይቶ የሚጨርሳቸው ሰው ጠፍቷል። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው እንስሳ ነው፤ ይታመማል፣ ይሞታል፣ አንዳንዴም ይድናል። ስለዚህ አንድ ሰው ፎቶውን አይቶ «ይህ ጤነኛ ነው፣ ይህ ታሟል፣ ይህ ሞቷል» ማለት አለበት። ጎብኚ የሚጎርፍባቸውን የባሕር ዳርቻዎች የሚቆጥር አይጠፋም። ጠላቂ የማይበዛባቸው የቀይ ባሕር ደቡብ ጥጎች ግን ካርታው ላይ ግራጫ ናቸው። ግራጫ ማለት «አናውቅም» ማለት ነው።

ይህን ግራጫ ለመቀነስ ነው ቤርሳቤህ ሰው ያሰባሰበችው። ቤርሳቤህ ስለ ባሕር የምታጠና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ ከከተማው ሌላ ጫፍ ከኖርዝጌት በባቡር እየመጣች ቢከን ሂል ሰፈር ያለውን የማኅበረሰብ አዳራሽ ታስከፍታለች። አንድ ታዳጊን ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ታጣምራለች። ሁለቱ አንዱን ፎቶ ሳይነጋገሩ፣ ለየብቻ አይተው የመሰላቸውን ይጫናሉ። መልሳቸው ከተመሳሰለ ፎቶው ያልፋል። ካልተመሳሰለ ግድግዳው ላይ ከስማቸው አጠገብ ቀይ ይበራና ቤርሳቤህ ራሷ ታየዋለች።

«ቀዩን አትፍሩት» ብላ ነበር በመጀመሪያው ቀን። «እኔ የምፈልገው እሱን ነው። እናንተ ስትጣሉ ነው ነገር እንዳለ የማውቀው። ካላወቅን ግራጫ ይሁን፣ ችግር የለም። የውሸት አረንጓዴ ግን ከግራጫ ይብሳል፤ ምክንያቱም ማንም ተመልሶ አያየውም።»

በዚያ ቀን እማማ ደስታነሽ አልነበሩም። የደም ግፊት ቀጠሮ ነበራቸው።

«ኦኬ፣ ስሙኝማ» አለች ቤርሳቤህ ጭብጨባው ሲያበቃ። «ቅዳሜ የመዝጊያ በዓላችን ነው፤ ቤተሰብ ይዛችሁ ኑ። ማታውኑ ውጤቱን ለባሕር አጥኚዎቹ ሴንድ አደርጋለሁ። የእነሱ ጀልባ ዘንድሮ የምትወጣው አንዴ ብቻ ነው። ሶ፣ የታመመ ወዳየንበት ነው የምትሄደው። የእነ ሚሪያም ቦታ ጤነኛ ስለሆነ አትሄድበትም፤ ለሌላው ቦታ ጊዜ አተረፉልን።»

ሚሪያም የምታስበው ቀይ እንዳይበራባቸው ብቻ ነበር እንጂ፣ ጀልባ እንደሚቀር አላሰበችም ነበር።

ከቢከን ሂል ባቡሩ ጋ ለመድረስ በሊፍት ብዙ ወደ ታች መውረድ ያስፈልጋል። እማማ ደስታነሽ ሊፍቱ መውረድ ሲጀምር የሚሪያምን ክንድ ይይዛሉ፤ ሲቆም ደግሞ እንዳልያዙ ሆነው ይለቃሉ። ዛሬ ግን ባቡሩ ውስጥ ገብተው እስኪቀመጡ አልለቀቁም።

«ፊሊጶስ ቅዳሜ ሥራ አይገባም» አሉ። ፊሊጶስ ልጃቸው ነው፤ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። «እናቴ ሳይንቲስት ሆነች ብሎ ለታክሲ ጓደኞቹ ሁሉ አውርቷል አሉ። ያልሆንኩትን።» በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ሚሪያም በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። የሚታየው ዝናብና የራሷ ፊት ነው።

ሁለቱም የሚኖሩት ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ሲታክ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንጻ ላይ ነው፤ እነ ሚሪያም ታች፣ እማማ ደስታነሽ ላይ። ፊሊጶስ ከአገር ቤት ከሆሳዕና ካስመጣቸው ጀምሮ እማማ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይውሉ ነበር። የሚሪያም እናት ሽቱ የማታ ሥራ ስታገኝ ሰሃርላን ከትምህርት ቤት ባስ የሚቀበላት ሰው ጠፋ፤ እማማ ሳይጠየቁ «እኔ ምን ሥራ አለኝ» ብለው ተረከቧት። ኋላ ሚሪያም ትምህርት ቤቷ የሚጠይቀውን የበጎ ፈቃድ ሥራ ስትፈልግና ጥንድ የሚሆናት ትልቅ ሰው ስታጣ ይዛቸው ሄደች።

አብረው በሠሩበት የመጀመሪያ ቀን አንድ ቅርንጫፍ የመሰለ ኮራል መጣላቸው። ከሥር እስከ ጫፉ ነጭ ነው። እማማ «ውይ፣ ምን የመሰለ ንጹሕ» አሉና ጤነኛ የሚለውን ተጫኑ። አይፈረድባቸውም፤ ነጭ ነገር ሲያጥቡ ነው የኖሩት። ሚሪያም ደግሞ የተማረችውን ታውቃለችና ታሟል የሚለውን ተጫነች። እዚያው ሳሉ ግድግዳው ላይ ከሁለቱ ስም አጠገብ ቀይ በቀይ ሆነ።

እማማ ቀዩን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ የተማረ ሰው ሥራ ነው።»

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ጉልበቴን አመመኝ ብለው ቀሩ። ሚሪያም ግን በማግስቱ ሰሃርላን በአንድ እጃቸው፣ ቦርሳዋን በሌላው ይዘው ደረጃውን ሲወጡት አይታቸዋለች። ስለዚህ በራቸው ድረስ ሄዳ፣ «እማማ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ልክ ነበሩ» አለቻቸው። ፊታቸው እንዴት እንደበራ አትረሳውም።

ይሉኝታ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጭ ኮራል በመጣ ቁጥር ሚሪያም ጤነኛ የሚለውን ትጫናለች። ነጭ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልንገራቸው ብትል፣ ያን ጊዜ ዋሽቼዎታለሁ ማለት ሊኖርባት ነው። ቀዩ ከስማቸው አጠገብ ጠፋ። ከአዳራሹ ጥንዶች ሁሉ በላይ የሚስማሙት እነሱ ሆኑ።

ቤት ሲደርሱ ሽቱ አንድ ጫማዋን አጥልቃ ሁለተኛውን ትፈልጋለች። ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ ሌላው ሰው ሲገባ እሷ ትወጣለች፤ ሐሙስ ብቻ ዘግይታ ስለምትገባ ሰሃርላን ራሷ ትቀበላታለች። ሰሃርላ ጠረጴዛው ላይ መኮሮኒ ትቆጥራለች እንጂ አትበላም።

«እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ፈጠን በይ፣ ባሱን ሚስ ላደርግ ነው።»

«ትልቅ ሰው ሲሳሳት ትነግሪዋለሽ?»

«እንደ ሰውየው ነው።»

«እማማ ደስታነሽ ቢሆኑስ?»

ሽቱ ጫማዋን መፈለግ አቆመች። «ምን አጠፉ?»

ሚሪያም ነገረቻት። አሳጥራ ነው የነገረቻት፤ ቢሆንም እናቷ ግማሹን ስትሰማ ነው ወደ መቀመጫው ተንሸራታ የተቀመጠችው።

«ሚሪያም፣ ስሚኝ። እሳቸው ባይኖሩ እኔ ይሄን ሥራ ኩዊት አደርጋለሁ። ማን ይቀበልልኛል ይቺን? አንቺ ትምህርት ቤት ነሽ። ስለ ድንጋይ ብለሽ ሰው አታስቀይሚ።»

«ድንጋይ አይደለም። ኢትስ አን አኒማል።»

«ምንም ይሁን።» ሽቱ ጫማዋን ከሶፋው ሥር አወጣች። «ደክሞኛል፣ ልጄ። ሌላ ነገር አልችልም።»

ብትቆጣ ይሻል ነበር። ሚሪያም ለቁጣ መልስ አታጣም፤ ለድካም ግን ምን ይባላል? እናቷ ግንባሯን ሳመቻትና ወጣች።

ሰሃርላን አብልታ ካርቱን ከከፈተችላት በኋላ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳለፈቻቸው። ነጭ። ነጭ። ግማሹ ቡናማ፣ ግማሹ ነጭ። አንዱ ጠርዙ ላይ ብቻ ትንሽ ሐምራዊ ቀርቶታል፤ ሊጠፋ ያለ መብራት ይመስላል። ከሁሉም ሥር የእሷ መልስ አለ፦ ጤነኛ፣ ጤነኛ፣ ጤነኛ። አፈረች። ኮራሉ አያውቃትም፣ አያያትምም፤ እሷ ግን አፈረች።

ስልኳ ጮኸ። የክፍል ጓደኛዋ አስማእ ናት፤ እሷም ሐሙስ ሐሙስ ከአጎቷ ከከማል ጋር አዳራሹ ትመጣለች።

«ጊርል፣ ኬሚስትሪ ጀመርሽ?»

«አልጀመርኩም። አስማእ፣ አንቺና አጎትሽ ትስማማላችሁ?»

«እኔና አጎቴ? ሊትረሊ በየፎቶው ነው የምንጣላው። ባለፈው አሸዋውን ሞቷል ብሎ፣ አሸዋ እኮ ነው ስለው፣ እስከ ቱክዊላ ጣቢያ አላናገረኝም።»

ሚሪያም በማታውቀው ምክንያት ቀናችባት። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት።

«ሶ በቃ የራስሽን መልስ ቀይሪዋ። ኖባዲ ዊል ኖው።»

«ቀይ ይሆናል እኮ። ቅዳሜ፣ ግድግዳው ላይ፣ ከስማቸው አጠገብ። ልጃቸው ፊት።»

«ኦህ። እሱስ ይከብዳል።» አስማእ ቀጥላም፣ «ከቅዳሜ በኋላ ቀይሪው» አለች።

«ቅዳሜ ማታ ይላካል።»

«አይ ዶንት ኖው፣ ሚሪ። እኔ ብሆን ዝም እላለሁ መሰለኝ። ግን እኔ አይደለሁማ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሚሪያም የመጀመሪያውን ፎቶ ከፈተች። ጣቷን «ታሟል» የሚለው ላይ አስቀመጠች። አንድ ጊዜ ብትጫን ለጀልባዋ ይበቃል፤ ቤርሳቤህ ቀዩን አይታ ራሷ ትደርስበታለች። እማማ ግን ከስማቸው አጠገብ የሚበራው ከየት እንደመጣ ሳያውቁ፣ ባጃቸውን እንዳዞሩ ይቀመጣሉ። ከዚያ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። መጀመሪያ ፊት ለፊት ዋሸቻቸው፤ አሁን ደግሞ ከጀርባቸው ልታርመው ነው። ላፕቶፑን ዘጋችው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቷ ከሥራ ገብታ ተኝታለች፣ ሰሃርላም አጠገቧ ተለጥፋለች። ሚሪያም ደረጃውን ወጥታ የእማማ ደስታነሽን በር አንኳኳች።

እማማ ለበዓሉ የሚለብሱትን ቀሚስ እየተኮሱ ነበር። ቤቱ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ሶፋው ላይ ክር እንኳ አይታይም፣ ምንጣፉ የመጥረጊያው መስመር አለበት፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። «ምነው በጠዋቱ? ሰሃርላ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። እማማ፣ የመጣሁት ስለ ፎቶው ነው።»

«ቁጭ በይ።»

አልተቀመጠችም። ከተቀመጠች እንደማትናገር ታውቀዋለች። «ነጩ ጤነኛ አይደለም። ኮራሉ ሲታመም ነው የሚነጣው። ውሃው ሲሞቅበት ውስጡ የሚኖረውን ባለ ቀለም ነገር ይተፋዋል፤ የሚመግበው ደግሞ እሱ ነበር። ገና አልሞተም፣ ግን እየተራበ ነው። እኔ ከመጀመሪያው አውቃለሁ። እርስዎ ልክ ነበሩ ያልኩዎት... ዋሽቼ ነው። ከዚያ በኋላም የእርስዎን እየገመትኩ ነው የተጫንኩት። ጀልባዋም በእኔ ምክንያት ልትቀር ነው።»

እማማ ካውያውን አቆሙት። ፍሽሽ እያለ እንፋሎት ሲተፋ ቆየና ገመዱን ነቀሉት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ጉልበትዎን ካመመዎት ጀምሮ።»

«ጉልበቴ እንኳ ደህና ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ።»

ቀሚሱን ይዘው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ለተወሰነ ጊዜ የተተኮሰውን ቀሚስ እጅጌ እየደጋገሙ አጠፉት፣ ዘረጉት። ከዚያ ሚሪያም ያልጠበቀችውን ተናገሩ።

«እኔም ከጥምቀት ወዲህ ጠርጥሬ ነበር።»

«ምኑን?»

«ነጩን። ዓሣ የለበትም። ቀለም ያለው ጋ ዓሣው ይርመሰመሳል፣ ነጩ ጋ ግን ዝር አይልም። ቤቱ እንዲህ ንጹሕ ከሆነ ነዋሪው የት ሄደ አልኩ።» ክፍሉን በዓይናቸው ዞሩት፤ ሶፋውን፣ ምንጣፉን፣ የጠፋውን ቴሌቪዥን። «ንጹሕ ቤት ምን እንደሆነ አውቃለሁ እኮ። ቀኑን ሙሉ የሚያቆሽሸው የለም።»

ሚሪያም አብራ ዞራ አየችው። ባላየሁት ብላ ተመኘች።

«ታዲያ ለምን ጤነኛ ይሉ ነበር?»

«አንቺ ነሻ ልክ ነዎት ያልሽኝ። ደጄ ድረስ መጥተሽ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብለሽ። ከዚያ ወዲያ ታሟል ብል፣ የተማረችውን ልጅ ላሳጣት ነው። ቤርሳቤህ ፊት ላዋርድሽ? ዝም ብዬ ጤነኛ እላለሁ።»

ሚሪያም ሳቅ አመለጣት። ሁለቱም እያወቁ፣ ሁለቱም አንዷ ለሌላዋ ሲሉ፣ የታመመውን ባሕር ደህና ነው ብለው አሳልፈውታል። እማማ ግን አልሳቁም።

«አስቀይመሽኛል ግን» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉትም። «እኔ ሞኝ ነኝ አላልኩም፣ አላውቅም ነው ያልኩት። ላላወቀ ሰው ይነገራል።»

«አክብሬዎት ነው።»

«አይደለም። ሰሃርላ ላም ሥላ ድመት ሲመስልባት ጎበዝ እንላታለን። እንደዚያ ነው ያደረግሽኝ። እኔን እንደዚያ አታድርጊኝ፣ ሚሪያም።»

ሚሪያም ፊቷ ጋለ። እውነት ነው። «ይቅርታ፣ እማማ» አለች። ከዚያ የፈራችውን ጠየቀች። «ሰሃርላን... ከሰኞ ጀምሮ...»

«ሰሃርላ ምን አደረገችኝ? እኔ የተቀየምኩት አንቺን ነው።» ቀሚሱን ይዘው ተነሱ። «ቀይ ይበራል?»

«እንደገና ካየነው፣ የማንስማማበት አይጠፋም። ለየብቻ ነው የምናየው።»

«ፊሊጶስ ፊት።»

«አዎ።»

እማማ ቀሚሱን ወደ ብርሃኑ ያዙትና መጨማደዱን ፈለጉ። «ትንሽ ቆይተሽ ነይና አብረን እንሂድ» አሉ በመጨረሻ። «ከበዓሉ በፊት እንድረስ።»

ሚሪያም ደረጃው ላይ ቆማ ለእናቷ ጻፈች። «ነግሬያቸዋለሁ። ተቀይመውኛል። ሰሃርላን ግን አልተቀየሙም።» እናቷ ተኝታለች ብላ ነበር፤ መልሱ ግን ወዲያው መጣ። «እሺ» ይላል። ሌላ ምንም የለውም።

አዳራሹ ውስጥ ቤርሳቤህ ብቻዋን ወንበር ትደረድር ነበር። ሚሪያም ስትነግራት አላቋረጠቻትም፤ ሲያልቅ ዓይኗን በሁለት እጇ አሸችና ቁጭ አለች። እሷም ሳምንቱን ሙሉ የተኛች አትመስልም።

«ሁሉንም?» አለች።

«ነጩን ሁሉ» አለች ሚሪያም።

«እኔም አለሁበት» አሉ እማማ ደስታነሽ። «እያወቅሁ ነው። በእሷ ብቻ እንዳይሆን።»

ቤርሳቤህ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አየች። አልተቆጣችም። ኮምፒውተሯን ከፍታ አንድ ነገር ተጫነች፤ ግድግዳው ላይ ያለችው አረንጓዴ ቁራጭ ጠፍታ ግራጫ ሆነች። «ሴንድ እስካደርግ ድረስ ጊዜ አላችሁ» አለች። «ካልደረሳችሁ ግራጫ ሆኖ ይሄዳል። ግን እባካችሁ፣ በዚህ ጊዜ ተጣሉ።»

ሰው መምጣት ጀመረ። ሳምቡሳ በትልቅ ሳፋ ገባ፣ ሕፃናት ወንበር ሥር ተሯሯጡ፣ አስማእና አጎቷ ገና በር ላይ ሆነው ስለ አንድ ፎቶ ይከራከራሉ። ፊሊጶስ በታክሲው ጃኬት መጣና እናቱ በሥራው ሐሳብ ተውጠው እንደማያናግሩት ሲያይ ግራ ገብቶት ከኋላ ተቀመጠ። ሚሪያምና እማማ በተለመደው ቦታቸው ጎን ለጎን ሆነው ታብሌታቸውን ከፈቱ። የመጀመሪያው ፎቶ መጣ። ሚሪያም ሳታስበው ዓይኗ ወደ እማማ ፊት ሄደ።

«ይኸው» አሉ እማማ። «አየሽኝ።»

«ልማድ ነው።»

«እኔም አይሻለሁ። ፊትሽን ካየሁ መልስሽን አውቀዋለሁ።» ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ዙሪ። ጀርባሽን ስጪኝ።»

ሚሪያም አልተንቀሳቀሰችም። ለትልቅ ሰው ጀርባ አይሰጥም፤ ይህን ከመራመዷ በፊት ነው የተማረችው። ቤት እንግዳ ተቀምጦ ልትወጣ ስትል እንኳ ፊቷን ሳታዞር፣ በጎን እየተንሸራተተች ነው የምትወጣው። አሁን አዳራሹ በሽማግሌና በአሮጊት ተሞልቷል፤ ምን ይሏት ይሆን? ክንዷ፣ ትከሻዋ፣ ሁሉ ነገሯ ደክሟል። ተነሳች። ወንበሯን አነሳች። ድምፅ እንዳያሰማ ብላ ቀስ አድርጋ አዞረችውና ጀርባዋን ለእማማ ደስታነሽ ሰጥታ ተቀመጠች።

አንዲት እናት ከጎን በነቀፌታ ከንፈራቸውን ሲመጡ ሰማች። አልዞረችም።

ነጭ ቅርንጫፍ፣ ዓሣ የለበትም፦ ታሟል። ሁለቱም ተስማሙ። ነጭ፣ ታሟል፤ ተስማሙ። ከዚያ ያ ግማሹ ቡናማ፣ ግማሹ ነጭ የሆነው መጣ። ሚሪያም አጉልታ አየችው። ቡናማው ሕይወት ነው ወይስ የሞተው ላይ የበቀለ ነገር? እማማ ምን እንደሚሉ አታውቅም። ከብዙ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት አታውቅም። የመሰላትን ተጫነች።

ግድግዳው ላይ ከሁለቱ ስም አጠገብ ቀይ በራ።

ከኋላ የፊሊጶስ ወንበር ሲንቀጫቀጭ ተሰማት፤ መጥቶ እናቱ አጠገብ ቆመ። «እማዬ፣ ቀዩ ምንድን ነው? ተሳሳታችሁ?»

ሚሪያም አንገቷን ልታዞር ፈለገች። ፊታቸውን ብታየው፣ ደህና መሆናቸውን ብቻ ብታይ ብላ ተመኘች። ዓይኗን ፎቶው ላይ እንዳደረገች ቆየች።

«አልተስማማንም ማለት ነው» አሉ እማማ ደስታነሽ ከጀርባዋ። «አሁን ዞር በል፣ ልጄ። ሥራ ላይ ነን።»

ሚሪያም የሚቀጥለውን ፎቶ ከፈተች።